ልል ቆርቆሮ የማን ነው? የመንደራችን የዐውሎ ነፋስ ዝግጅት የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ባለፈው የነፋስ ወቅት ሰው ከማይኖርበት ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ጠርዙ የላላ ቆርቆሮ ተነቅሎ ሁለት ቤት ተሻግሮ በረረና የሦስተኛውን ቤት መስኮት ሰበረ። በመስኮቱ የገባው ነፋስ ኮርኒሱን ከውስጥ ወደ ላይ ገፍቶ ጣሪያውንም አነሣው። የዚያ ቤት ባለቤት ጣሪያውን በሚገባ ያሠራ ሰው ነበር። ቤቱን ያጣው የሌላ ሰው ጣሪያ ስላልተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ተሰብስበን የተስማማንበት አጭር ነው፦ በዚህ መተላለፊያ ላይ ያለ ልል ቆርቆሮ ሁሉ የጋራ ጉዳይ ነው። 14 ቤት ነን። ማስታወሻው ሥራው እየተሠራ የተጻፈ ስለሆነ እዚህም እዚያም ይዘላል።

ሳምንት 1፦ ዝርዝር

የመጀመሪያው ቅጽ ሁለት ገጽ ነበር። የቤተሰብ ብዛት፣ ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታ፣ የንብረት ዝርዝር ይጠይቃል። ሞልቶ የመለሰው ጥቂት ሰው ነው። የሕመሙ ጥያቄ ያስቀየማቸው ነበሩ፤ የንብረቱ ደግሞ ያስጠረጠራቸው። ቅጹ ተጣለና በየቤቱ እየዞርን በቃል አምስት ነገር ብቻ መጠየቅ ጀመርን። ያለ ረዳት ከቤት መውጣት የማይችል ሰው አለ? መብራት ሲጠፋ የሚቆም የሕክምና ዕቃ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ የሚፈልግ መድኃኒት አለ? የኤሌክትሪክ ማጥፊያው የት ነው? ምን መሣሪያ አላችሁ? ትርፍ ቁልፍ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

የመሣሪያው ጥያቄ ብዙ ወጪ አዳነ። ልንገዛቸው ያሰብናቸው ረጅም መሰላል፣ ሞተር መጋዝና የውኃ ፓምፕ በየጓሮው ተቀምጠው ተገኙ። ፓምፑ አይሠራም ነበር፤ ጎሚኒው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጎሚኒ መቀየር ፓምፕ ከመግዛት ጋር አይወዳደርም።

ዝርዝሩ በወረቀት ብቻ ነው ያለው። ሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ሁለት ሰዎች ዘንድ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በስልክ ላይ በከፈትነው የጋራ ቡድን ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልነውም። ማን ብቻውን እንደሚኖርና ቁልፉ የት እንዳለ የሚናገር ወረቀት ሌባም ይፈልገዋል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጠያቂ ቤቶች ተመደቡ፤ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከመንገዱ ማዶ። ሁለቱም ከጎን ከሆኑ አንድ የወደቀ ዛፍ ሦስቱንም ቤት ሊዘጋ ይችላል። «መመደብ ምን ያስፈልጋል፣ ሁላችንም እንጠያየቅ የለም ወይ» ያሉ ነበሩ። እንጠያየቃለን፤ ሰላም በሆነ ጊዜ። በዐውሎ ነፋስ ሌሊት ግን እያንዳንዱ ሌላው ሳይጠይቃቸው አይቀርም ብሎ ይተኛል።

አንዲት እግራቸውን የሚያማቸው እናት «ርዳታ የሚያስፈልጋቸው» በሚለው ዓምድ ተጽፈው ነበር። ሲነገራቸው ተቆጡ። «እግሬ ነው እንጂ አፌ መቼ ታመመ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ፤ የሁሉንም ስልክ ያውቃሉ፤ መስኮታቸው መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። የመልእክት መቀበያው ቤት የእሳቸው እንዲሆን ተወሰነ። እግራቸውን በተመለከተ ሁለት ጠያቂ እንደማንኛውም ቤት ተመድቦላቸዋል፤ ለዚህ አልተቆጡም።

ሳምንት 2 እና 3፦ ጣሪያ

ጊዜውንም ገንዘቡንም የበላው ይህ ክፍል ነው።

የነፋስ ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የ25 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋል። 108 ኪሎ ሜትር ሲደርስ 56 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከዚህም እጥፍ ሊሆን ይችላል። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ግን በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ ግራም ብዙ አይዘልም። ቆርቆሮን ቦታው ላይ የሚያቆየው ክብደቱ ሳይሆን የተመታበት ነገር ነው።

ሦስት ቤቶች ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጭኖ አገኘን። አወረድነው። የቆርቆሮው ጫፍ ሲነሣ ድንጋዩ ተንከባልሎ የሚወርደው ሰው ሊሸሽ በሚወጣበት በር ላይ ነው። አንድ ጎረቤታችን አባቱም አያቱም ድንጋይ ይጭኑ እንደነበረ እያነሣ ብዙ ተከራከረን። እስከ ዛሬ አላመነም፤ ድንጋዩ ግን ወርዷል።

ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም። መሰላል ላይ ቆሞ የቆርቆሮውን ጫፍ በመዳፍ ወደ ላይ መግፋት ነው። በመጀመሪያው ቤት ጫፉን ስንገፋ ሚስማሩ አብሮ ተነሣ። ከላይ የሚታየው ራሱ ደህና ነበር፤ ግንዱ ግን ዝጎ የክብሪት እንጨት ያህል ቀጥኗል። የገባበት ማገር፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ሲነካ ቡናማ ዱቄት ይረግፍለታል። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ጣሪያው ጤነኛ ነው ብሎ ይምላል።

መጀመሪያ የተሞከረው ያንኑ ሚስማር መልሶ መምታት ነበር። ወጪ የለውም፤ ጥቅምም የለውም። በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ሚስማር በፒንሳ ያለ ትግል ይወጣል። ቀጥሎ ከጎኑ ወፈር ያለ ሚስማር ተመታ፤ ማገሩ ደረቅ ስለነበረ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀና እሱን መቀየር ግድ ሆነ። ከዚያ ወደ ብሎን ዞርን፤ ራሱ እየሰረሰረ የሚገባ፣ ከራሱ ሥር ሰፋ ያለ ሮንዴላና ጎሚኒ ያለው። ብሎኑ የሚገባው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም።

ብሎን ላይ ያጋጠመው ችግር ማጥበቅ ነው። ጎሚኒው ከሮንዴላው ጠርዝ በትንሹ ብቅ ሲል መቆም አለበት። ከዚያ ካለፈ ጎሚኒው ይቀደዳል፣ ጉብታው ይሰረጉዳል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ያንጠባጥባል። ጉልበተኛ ወጣቶች ድሪል ሲይዙ ደግሞ የሚያልፍ ነው። በመጀመሪያው ቤት ከገቡት ብሎኖች ብዙዎቹ ወጥተው ተቀየሩ። የድሪሉን የኃይል መቆጣጠሪያ ቀለበት ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አድርጎ እየሞከሩ ቀስ በቀስ መጨመር ችግሩን ፈታው። አሠራሩን በፍጥነት የለመደችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ድሪሉ ከእጇ አልወጣም።

ርቀቱ በመካከል በየሦስተኛው ጉብታ፣ በጠርዝ፣ በማዕዘንና በጣሪያው አናት ግን በየጉብታው ነው። ብሎንን በጣሪያው ላይ እኩል ማዳረስ ብክነት ነው፤ ነፋስ ሥራውን የሚጀምረው ከጫፍ ነው።

ቆርቆሮው ከማገሩ ጋር ሲጠብቅ ድክመቱ ወደ ታች ይሸጋገራል። ማገሩ ከሥሩ ካለው ተዳፋት እንጨት ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር የተያያዘው በአንድ ሚስማር ከሆነ ጣሪያው በአንድ ላይ ይነሣል። ለዚህ ዚንክ የተቀባ ላሜራ በሁለት ጣት ስፋት ተቆርጦ በወራጁ ላይ ተሻግሮ በሁለቱም ጎን ወደ ግድግዳው አግዳሚ ወረደ። ሚስማሩ ከጎን ነው የሚመታው። ከላይ ወደ ታች የተመታ ሚስማር ጣሪያው ሲሳብ በመጣበት ይወጣል፤ ከጎን የተመታው ግን ካልተቆረጠ ወይም እንጨቱ ካልተሰነጠቀ አይለቅም። ላሜራ ሲቆረጥ ጓንት ግዴታ ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም ቤት እንደማይበቃ ገና ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር። ተራው በዕጣ ይሁን ያሉ ነበሩ። የተወሰነው ግን ነፋሱ በብዛት ከሚመጣበት ጎን ተጀምሮ ወደ ታች እንዲሄድ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጣሪያ ሲጠብቅ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠቀማሉ። በዚህ ስሌት መጀመሪያ የተጠገነው ያ ባዶ ቤት ሆነ። ለማይኖርበት ሰው ቤት ማዋጣት ያንገበገባቸው ጥቂት አልነበሩም፤ እኔም ደስ እያለኝ አልከፈልሁም። ባለቤቱ ፈቃዱን በጽሑፍ ላከ። ገንዘብ አልላከም።

ሳምንት 4፦ ውኃ

ቦይ የሚጠረገው ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ከተጀመረ የተነቃነቀው ደለል ወርዶ የታችኛውን ይደፍናል። በመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ ግማሹ በፕላስቲክ ጠርሙስና በቅጠል ተሞልቶ ነበር። አፉ ላይ ከፌሮ የተበየደ ወንፊት ተገጠመለት። ፌሮዎቹ በጣም ተቀራርበው ስለተበየዱ በመጀመሪያው ዝናብ ወንፊቱ ራሱ በቅጠል ተደፈነና ውኃው መንገዱን ሞላው። አንድ ፌሮ እየተዘለለ ተቆረጠ፤ አሁን ይሠራል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን የሚጠርገው ሰው ይፈልጋል።

የአሸዋ ጆንያ ላይ ሁሉም ሰው ጢም አድርጎ መሙላት ይወዳል። የሞላ ጆንያ ተንከባላይ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ተሞልቶ፣ አፉ ታጥፎ ከሥሩ ገብቶ፣ መጋጠሚያው ከታችኛው ረድፍ መጋጠሚያ ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ ረድፍ በእግር ይረገጣል። ከውኃው በኩል ፕላስቲክ ይነጠፍለታል። ያም ሆኖ ያስገባል። ጆንያ ጊዜ ይሰጣል፤ ከኋላው ፓምፕ ወይም ባልዲ የያዘ ሰው ከሌለ የተሰጠው ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል።

በመተላለፊያው ምሰሶ ላይ ሦስት መስመር በቀለም ተሰመረ። 15 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰውን ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ውኃው የመጀመሪያውን መስመር ሲነካ ጠያቂም ቢሆን ከቤቱ አይወጣም።

ሳምንት 5፦ መብራትና ጄኔሬተር

ጄኔሬተር ያላቸው ሁለት ቤቶች ናቸው። ሦስተኛ ይገዛ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጄኔሬተር የማይወድ ሰው አላገኘሁም። የአንዱ ዋጋ ግን ለቀሩት ጣሪያዎች በሙሉ ብሎንና ላሜራ ይገዛል። አልተገዛም።

ያሉትን ማጋራት የተሻለ ሆነ። የተዘጋ ማቀዝቀዣ መብራት ከጠፋ በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ደግሞ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ያለማቋረጥ መሥራት የለበትም፤ በየተራ ማዞር ይቻላል። ኢንሱሊን የሚጠቀሙ አንድ ጎረቤት አሉ፤ ያልተከፈተው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ስላለበት የእሳቸው ቤት ከማንም በፊት ተራ ያገኛል።

ሁለት ነገር አያከራክርም። ጄኔሬተር ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ይቀመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተኛበት ይገድላል። ሁለተኛው፣ በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር አይሰካም። ኃይሉ ወደ ውጭው መስመር ተመልሶ የተበጠሰ ሽቦ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። የማራዘሚያ ገመዱ ሽቦ ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል በሙሉ ይዘረጋል። ተጠቅልሎ የዋለው ሲነካ ያቃጥል ነበር።

ሳምንት 6፦ መልእክት

እዚህ ላይ ከባንግላዴሽ ብዙ ወስደናል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 የቦላ ዐውሎ ነፋስ በዚያ የባሕር ዳርቻ ከ300,000 እስከ 500,000 የሚገመት ሰው ፈጀ። በ1972 የተቋቋመው የዐውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነ፤ ሥራቸው ባንዲራ መስቀል፣ በድምፅ ማጉያና በእጅ በሚዞር ሳይረን ማስጠንቀቅ፣ ደካሞችን ወደ መጠለያ ማድረስ ነው። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞተው ሰው ቁጥር ወደ 3,400 ወርዷል። የተሻለ ትንበያና የኮንክሪት መጠለያዎችም ድርሻ አላቸው፤ ትንበያው ግን በሰው እግር ካልደረሰ ለብዙ ቤት ወሬ ብቻ ነው።

ባንዲራውን ሞከርነው። በሌሊት አይታይም። ፊሽካ ለየቤቱ ተገዛ፤ ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተነፋ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። ነፋስን ተቃርኖ የሚሄድ ድምፅ ግን ሩቅ አይደርስም፤ ከላይ ያለው ቤት ከታች የሚነፋውን አይሰማም። ስለዚህ የሰማ ሁሉ መልሶ እንዲነፋና እንዲያሳልፍ ተደረገ። በስልክ በኩል ጥሪ ሳይሆን አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው የሚላከው፤ መስመር ሲጨናነቅ ጥሪ እምቢ ብሎ ጽሑፍ ያልፋል።

ከነፋሱ በኋላ ማን ደህና እንደሆነ ለማወቅ የታሰበው ርዳታ የሚፈልግ ቤት በበሩ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል ነበር። በስብሰባው መሐል የመልእክት ቤታችን እናት «ጣሪያ የወደቀበት ሰው ጨርቁን በምኑ ይሰቅላል?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ተገለበጠ፦ ደህና የሆነ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል፤ ጨርቅ የሌለበት በር ይንኳኳል።

ለመብረቅ፦ ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለው እያንዳንዱ 3 ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ጣሪያ ላይ ሰው አይኖርም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል።

ነፋሱ

ሥራው ሳያልቅ መጣ። አራት ጣሪያ ቀርቶ ነበር። መለኪያ የለንም፤ ዛፍ ከነሥሩ ስለነቀለ የነፋስን ኃይል ከሚታየው ውጤት በሚገምተው በቦፎርት መለኪያ 10ኛ ደረጃ፣ ማለትም በሰዓት ከ89 እስከ 102 ኪሎ ሜትር ይመስለኛል።

ብሎን ከገባላቸው ቤቶች አንድም ቆርቆሮ አልተነሣም። ካልተሠሩት አራት ሁለቱ ጣሪያቸው ተነክቷል፤ አንደኛው ማዕዘኑን ሙሉ በሙሉ አጥቷል። ድንጋይ ወዳዱ ጎረቤታችን ካልተሠሩት መካከል ነበር፤ ምንም አልሆነም፤ ይህንንም በየቀኑ ያስታውሰናል።

የስልክ መስመሩ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጠፋ። እስከዚያ ድረስ ግን አሥራ አንድ ቤቶች ጽፈው ነበር። እናታችን በዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ሦስት ቤት መቅረቱን ስላወቁ ጠያቂዎቹ ሲነጋ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠፋቸውም። ሁለቱ ስልካቸው ሞቶ ነበር። በሦስተኛው ቤት በሩ በወደቀ ቅርንጫፍ ታግቶ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ውስጥ ነበሩ፤ ፊሽካቸውን ነፍተዋል፤ ማንም አልሰማም።

ያልሠራ ነገር፦ ነጩ ጨርቅ። ሁለት ቤቶች ነፋሱ ገና ሲጀምር ሰቀሉት። ምልክቱ ትርጉም አጣ። አሁን የሚሰቀለው ነፋሱ ካቆመ በኋላ ብቻ ነው። ነፋሱ ጋብ ሲል ለማየት የወጡም ነበሩ። ጋብ ማለት ማለፍ አይደለም፤ በትልልቅ የሞቃት ባሕር ዐውሎ ነፋሶች ዐይን የሚባለው መሐሉ ሲያልፍ ጸጥ ይልና ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል። ጠያቂዎቹም የሚወጡት መውጣት ይቻላል የሚል የትንበያ ዜና በሬዲዮ ሲሰማ ነው ተብሎ ተጽፏል።

ማግስቱ

ማዕዘኑን ያጣው ቤት በሸራ ተሸፈነ። መጀመሪያ በሸራው ቀለበቶች ገመድ ገብቶ ከታች ታሰረ። በከሰዓቱ ነፋስ ተርገብግቦ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ቀደዳቸው። ቀጥሎ የሸራው ጠርዝ በቀጭን ጣውላ ላይ ሁለት ዙር ተጠቅልሎ ጣውላው በብሎን ከማገሩ ጋር ተያዘ፤ የላይኛው ጫፍ ከጣሪያው አናት ተሻግሮ በማዶ በኩል ታሰረ። ጫፉ ከአናቱ በታች ከቀረ ውኃው ከሸራው ሥር ይገባል። ይህኛው ቆርቆሮው እስኪተካ ቆየ።

ዛፉ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የታጠፈ ቅርንጫፍ በአንድ ጎኑ ተወጥሮ በሌላው ተጨምቆ ነው ያለው። የተወጠረው ጎን ባንዴ ከተቆረጠ ቅርንጫፉ ተፈናጥሮ ይመታል፤ ከተጨመቀው ጎን ጥቂት ተቆርጦ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ተወጠረው ይኬዳል። ግንዱ ከሥሩ ሲለይ ደግሞ ከነአፈሩ የተገለበጠው ሥር ተመልሶ ሊቆም ይችላል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ልጅ አለመኖሩ ይታያል። መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ካለ መጋዝ አይነሣም፤ 10 ሜትር ርቆ መከልከልና የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን መጠበቅ ነው። ከሁሉም በላይ ለማስቆም ያስቸገረን ሰው በዚያው ጠዋት ብቻውን መሰላል ይዞ እርጥብ ጣሪያ ላይ መውጣት የሚፈልገው ነው። ደንቡ አሁን ግልጽ ነው፦ መሰላሉ የሚሰጠው ለሁለት ሰው ነው።

ቀሪ ሥራ

የሁለት ጣሪያ ላሜራ ተቆርጦ ተዘጋጅቷል። ማዕዘኑን ያጣው ቤት አዲስ ማገር ይፈልጋል፤ እንጨቱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በሩ የታገተበት ቤት ከመኝታ ክፍሉ መስኮት የሚወጣበት መንገድ ይሠራለታል፤ የመስኮቱ ብረት ወደ ውጭ በማጠፊያ እንዲከፈት ይበየዳል። የሁሉም ቤት የመስኮት ብረት በዚሁ ይፈተሻል፤ ይህ በመጀመሪያው ዝርዝር አልነበረም፣ ስድስተኛ ጥያቄ ሆኖ ገብቷል።

የጄኔሬተሮቹ ቤንዚን ወቅቱ ሲያልፍ ተቀድቶ ለመኪና ነዳጅነት ይውላል፤ ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን ካርቡሬተር ይደፍናል። ለፓምፑ ትርፍ ጎሚኒ ተገዝቷል።

ያልተፈታው የተከራዮች ነገር ነው። አምስት ቤቶች የኪራይ ናቸው። ተከራዩ «ነገ ለምለቀው ቤት ጣሪያ ለምን አዋጣለሁ» ይላል፤ አከራዩ ደግሞ እዚህ የለም። ለጊዜው የብሎኑ ወጪ ከጋራው ገንዘብ እየተሸፈነ የሥራውን ጉልበት ተከራዩ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ በመርዳት ይከፍላል። ሁለቱ ተስማምተዋል፣ አንዱ እያሰበበት ነው፣ የቀሩትን ቅዳሜ እናነጋግራለን።